መልስ፦ ፈተናው 2 እና 9ን እኩል ሲያወጣ

"በኤኒያግራም ፈተና 2 እና 9 እኩል ነጥብ አመጡልኝ፣ የቱ ነኝ?" ላልሽው፦ ነጥቡን ለጊዜው ተይው። ኤኒያግራም ሰዎችን በዘጠኝ የባሕርይ ዓይነቶች የሚከፍል ዘዴ ነው፤ 2 ረጂው፣ 9 ሰላም ፈላጊው ዓይነት ነው። ፈተናው የሚይዘው ምን እንደምታደርጊ ነው፤ ዓይነቱን የሚለየው ግን ለምን እንደምታደርጊው ነው። ሁለቱም ሰው ማስቀየም አይወዱም፣ የሚምታቱትም ለዚህ ነው። ዘጠኙ ቁጥሮች በሚደረደሩበት ክብ ላይ ጎረቤት ስላልሆኑ ደግሞ አንዱ የሌላው ክንፍ (ዋናውን ዓይነት የሚያቀልም የጎን ቁጥር) ነው ማለት አይቻልም፤ የ9 ክንፎች 8 እና 1፣ የ2 ደግሞ 1 እና 3 ናቸው።

ጓደኛሽ ቤት ልትቀይር ነው እንበል። 2 ከሆንሽ ሳትጠይቅሽ ዕቃ ልታሽጊላት ትሄጃለሽ፤ ማታ ሳታመሰግንሽ ብትቀር ግን ሆድ ይብስሻል። 9 ከሆንሽ ባትፈልጊም እምቢ ማለቱ ስለሚከብድሽ እሺ ትያለሽ፣ በማግስቱ ታረፍጃለሽ። ቁጣው የሚወጣው በመዘግየት ነው። ውጥረት ሲበዛ 2 እንደ 8 ይቆጣል፣ ያዛል፤ 9 እንደ 6 ይጨነቃል፣ ይጠራጠራል። እኔ ከነጥቡ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ እሺ ያልሽበትን አንድ ጉዳይ ጻፊ፤ ከጎኑም የፈራሽውን፦ ሰው እንዳይጠላኝ ነው ወይስ ጠብ እንዳይነሳ?

እባክሽ ለባልሽም ለእህትሽም ቁጥር አትስጪ። የውስጥ ምክንያታቸው ከውጭ አይታይም፤ ጠይቂያቸው።