በሰዓት ስንት ትቆርጣለህ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የእህት ልጅ ደወለልኝ። ላቦራቶሪ ተምሮ ጨርሶ ገና ሥራ መያዙ ነው። «ጋሼ፣ አለቃዬ በሰዓት ስንት ፍሮዝን እንደምቆርጥ አሳውቀኝ አለኝ። ስንት ልበለው?» አለኝ። ፍሮዝን የሚባለው በቀዶ ሕክምና መሃል ከታማሚው ተወስዶ፣ ለምርመራ ወዲያው በረዶ ሆኖ የሚቆረጥ ሥጋ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቡና ይዤ ነበር፤ ሲኒው እጄ ላይ በረደ። «ነገ ደውል» ብዬ ዘጋሁበት። ለሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ፣ እንደሱ ሥራውን ለጀመራችሁት፣ ልጻፈው።

ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ከመግባቴ በፊት፣ በሌላ ከተማ የአንድ ሆስፒታል የሂስቶሎጂ ክፍል፣ ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ ለማይክሮስኮፕ የሚዘጋጅበት ክፍል፣ ኃላፊ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ በየሰው ስም ፊት የቆረጠውን አጽፍ ነበር። ፓራፊኑንና ፍሮዝኑን አንድ ላይ እደምራለሁ። ድንቁርና ነው። የፓራፊን ብሎክ፣ ሰም ውስጥ የተቀበረው ሥጋ፣ ሌሊቱን ሲዘጋጅ አድሮ ይጠብቅሃል፤ እጅህ ከሞቀ በሰዓት 20 ብትቆርጥ አይገርምም። የፍሮዝኑ ባለቤት ግን ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ሰውነቱ ተከፍቶ መልስ ይጠብቃል። ሥጋው ከደረሰህ ጀምሮ 20 ደቂቃ ነው የሚሰጥህ፤ ማቀዝቀዙ፣ መቁረጡ፣ ማቅለሙ፣ ፓቶሎጂስቱ (በሽታውን በማይክሮስኮፕ የሚለየው ሐኪም) የሚያይበትም ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። ሥጋም ሁሉ አንድ አይደለም። ክራዮስታቱ፣ ሥጋውን በብርድ ውስጥ የሚቆርጠው ማሽን፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እያለ ጉበት ብታስገባ ይሰነጣጠቅብሃል። የጡት ስብ ደግሞ ብሌዱ ላይ እንደ ቅቤ ይለጠፋል፤ እሱ ከዜሮ በታች ወደ 30 መውረድ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የደመርኩት።

አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ የጎንደር ልጅ፣ ቀሃ ኢየሱስ ሥር ያደገች። እጇ ቀጭንና የረጋ ነበር፤ 5 ማይክሮን፣ ከፀጉር የሳሳ ሥጋ በብሩሽ ስትይዝ ትንፋሿን አትሰማውም። ጥር 8 ቀን ነው። በማግስቱ ማለዳ ለከተራ አገሯ ልትገባ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች፤ ትኬቱን የጋውኗ ኪስ ውስጥ አይቼዋለሁ። በዓል ሲቃረብ ቀዶ ሐኪሞች ሁሉ ይጣደፋሉ፤ የዚያን ቀን ፍሮዝን ከወትሮው እጥፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ የአንገት ዕጢ መጣ። የመጠየቂያው ወረቀት ላይ «ቲቢ ይጠረጠራል» የሚል አለ። እንዲህ ያለው ትኩስ ሥጋ በክራዮስታት አይቆረጥም፤ ጀርም የሚገድለው ፎርማሊን ያልነካው ነውና ብናኙ ማሽኑን ሁሉ ይበክላል። ስልክ አንሥቼ «ይሄ በፎርማሊን ይላክ» ማለት ነበረብኝ። ሰሌዳው ላይ 6 ተጽፎላታል፣ ይሄ 7 ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት። «ጨርሺና ሂጂ» አልኳት።

የማሽኑን መዘውር ሳትቆልፍ፣ የብሌዱንም መከለያ ሳትመልስ ቻኩን፣ ሥጋው የተጣበቀበትን መያዣ፣ ልትፈታ እጇን ሰደደች። ድምፅ አልሰማሁም። የግራ እጇን ወደ ላይ ይዛ ስትቆም ጓንቱ አውራ ጣቷ ላይ ቀስ እያለ በደም ሲሞላ አየሁ። ያኔ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ስላይዱ ተነሥቷል?» የሚል ነበር፤ የተቆረጠው ሥጋ መስታወቱ ላይ አርፏል ወይ ማለቴ ነው።

«ተነሥቷል ጋሼ። ሄማቶክሲሊን ውስጥ ነው» አለችኝ፤ ማቅለሚያው ውስጥ ማለቷ ነው።

ከቧንቧው ሥር ቆማ ስትታጠብ እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። ማሽኑ ለማጽዳት ተዘጋ፤ ተሰልፈው የነበሩት ሦስት ፍሮዝኖች ሳይቆረጡ ቀሩ። ለቁጥር ስል ቁጥሩም ሄደ። ልጅቱ ኤችአይቪ መከላከያውን ለ28 ቀን ዋጠች፤ ክኒኑ እያቅለሸለሻት፣ ጥምቀትን በኪራይ ቤቷ አሳለፈች። ትኬቱን መልሳ እንኳ አልሸጠችውም። ኋላ ምርመራዋ ደህና ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ሥራውን ለቃ ሄደች፤ እኔም ይቅርታ ሳልላት ቀረሁ። ዛሬ በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቆሜ የማስበው ይህንኑ ነው።

የኔ መምህር በብረት ቢላ ዘመን የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ቢላውን በድንጋይ ስለው፣ በቆዳ አለስልሰው ነበር ሥራ የሚጀምሩት። «ስንት ቆረጡ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን እንጃ። እናንተ የተሳለውን ብሌድ ከሳጥን ታወጣላችሁ፣ ስልካችሁን ማሽኑ ራስ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ እንዴት ከማለታችሁ በፊት ስንት ትላላችሁ። ደግሞ ልክ አይደለሁም፤ እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ። እኛ አለቃ ያለንን ሁሉ ዝም ብለን እንሠራ ነበር።

ቁጥር አትስጡ አልላችሁም፤ ካልሰጣችሁ እንደኔ ያለው አለቃ ራሱ ያወጣላችኋል። የራሳችሁን ደብተር ያዙ። የትኛው ሥጋ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንቴ ብሌድ ቀየርኩ፣ መብራት የጠፋው መቼ ነው፣ ማሽኑ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ስንት ሰዓት ጠበቅሁ፣ ይህን ጻፉ። አለቃው «ስንት?» ሲል ደብተሩን ክፈቱለት።

ልጁ በማግስቱ ደወለ። «ታዲያ ስንት ልበለው ጋሼ?»

«3 በለው» አልኩት።

«4 እኮ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ። 3 በለው። መዘውሩንስ ቆልፈኸዋል?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል በስልኩ ሰማሁ።