«ጥልቀቱ ይበቃዎታል»

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ከእናንተ አንዱ በቅርቡ «የሱናሚን ጎርፍ ለማስላት የትኛውን ሶፍትዌር ብማር ይሻለኛል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በሚገባ የተፈተነ ይሁን እንጂ የትኛውም ያስኬዳል። ጥያቄው ግን በወጣትነቴ በወጉ ያልመለስኩትን ሌላ ጥያቄ ቀሰቀሰብኝ።

በባሕር ዳርቻ ሊሠራ ለታሰበ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ የጎርፉን ስሌት የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል፤ የዲስኩ ቦታ ጠባብ ስለነበር በየነጥቡ የተመዘገበውን ከፍተኛ የውሃ ጥልቀት ብቻ አስቀርቼ፣ ፍጥነቱንና በየሰከንዱ የታየውን ለውጥ አጠፋሁት። ሕንፃውን የሚነድፉት የስትራክቸር መሐንዲስ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት ነበሩ። ካርታዬን አገላብጠው አዩና «ውሃው ከውጭ ከፍ ካለ በኋላ ውስጡ እስኪሞላ ምን ያህል ይቆያል?» አሉኝ። እኔም «ጥልቀቱ ይበቃዎታል» አልኳቸው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2011 የጃፓኑ ሱናሚ በኦናጋዋ ከተማ የኮንክሪት ሕንፃዎችን ገልብጦ በጎናቸው ሲያጋድማቸው ፎቶግራፋቸውን አይቼ የመሐንዲሷ ጥያቄ ገባኝ። ወራጅ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ያኔም አውቅ ነበር። ያላሰብኩት ከታች ወደ ላይ የሚያነሳውን ኃይል ነው፤ ውጭው ሞልቶ ውስጡ ገና ባዶ ሳለ፣ አየርም ከወለሉ ስር በቢሞች (ወለሉን በሚሸከሙት አግዳሚዎች) መካከል ሲታፈን፣ ሕንፃው እንደ ጀልባ ይቀላል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በ200 ካሬ ሜትር ወለል ስር ግማሽ ሜትር አየር ቢታፈን ከሕንፃው ክብደት 100 ቶን ያህል እንደተነሳ ይቆጠራል፤ የቀለለውን ደግሞ የጎን ግፊቱ በቀላሉ ይገለብጠዋል። ያ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ ሱናሚ ስላልደረሰበት እንጂ የእኔ ስሌት ስላዳነው አይደለም።

የዛሬ ወጣቶች የዲስክ ችግር የለባችሁም፤ ሆኖም ባለቀለም ተንቀሳቃሽ ምስል ሠርታችሁ ስታበቁ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። እርግጥ እኔንም ያስተማረኝ ምስል ነው።

ጠያቂዬ የመረጠውን ሶፍትዌር በሞናይ ሸለቆ ይፈትነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በጃፓን ኦኩሺሪ ደሴት በደረሰው ሱናሚ ውሃው በዚያ ጠባብ ሸለቆ ከ30 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ የስሌቱ መረብ (ውሃው የሚሰላባቸው ነጥቦች) ተራርቆ ሰፋፊ ከሆነ ሸለቆው ራሱ ከስሌቱ ይጠፋል። ፋይል ከማጥፋቱ በፊት ደግሞ ሕንፃውን የሚነድፈውን ሰው ይጠይቅ። እኔ ያጠፋሁትን መልሼ ለማስላት አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃኝ ነበር።