ጥቅምት 30ን እምቢ፣ ጳጉሜን 25ን እሺ የሚል ፎርም

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የአንድ ክሊኒክ የሕፃናት መመዝገቢያ ፎርም የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጠይቃል። 30/02/2016 ሲጻፍ «የተሳሳተ ቀን» ይላል፤ 31/01/2016ን ግን ይቀበላል። አንድ ሰው «ካስተካከለው» ወዲህ ደግሞ 25/13/2016ም ማለፍ ጀምሯል።

አቦ፣ ይሄ ብዙ ምርመራ አይፈልግም። ጥቅምት 30ን የሚከለክል፣ ለመስከረም 31 ቀን የሚሰጥ ሬጌክስ (የተጻፈው ትክክለኛ ቅርጽ እንዳለው የሚፈትሽ ቀመር) የፈረንጆቹ ነው፤ 02ን ፌብሩዋሪ፣ 01ን ጃንዋሪ ብሎ ያነባል። ከሆነ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጠጋኝ ጳጉሜን እንድታልፍለት ብቻ የወሩን 1[0-2] (ከ10 እስከ 12) ወደ 1[0-3] (ከ10 እስከ 13) ቀይሮ ሄደ፤ ቀኑን አልነካውም። እንዲህ ካለው ጥገና አለመጠገኑ ይሻል ነበር። ሙሉውን አውጣና ይሄን በአንድ መስመር፣ ያለ ክፍተት አስገባ፦

^(?:(?:0[1-9]|[12][0-9]|30)/(?:0[1-9]|1[0-2])/(?:19|20)[0-9][0-9]|0[1-5]/13/(?:19|20)[0-9][0-9]|06/13/(?:19|20)(?:[02468][37]|[13579][159]))$

የውጭኛውን ቅንፍ «ትርፍ ነው» ብለህ እንዳታነሳው። ካነሳኸው ^ (የጽሑፉ መጀመሪያ ምልክት) የመጀመሪያውን አማራጭ ብቻ፣ $ (የጽሑፉ ማብቂያ ምልክት) የመጨረሻውን ብቻ ይይዛል፤ መሃለኛው ልቅ ይሆንና 9905/13/20169 ሰተት ብሎ ይገባል።

የመጨረሻዋ ቁራጭ ጳጉሜን 6ን የምትጠብቀው ናት፤ እሷ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ። ሬጌክስ ማካፈል አይችልም፤ ግን እዚህ አያስፈልገውም። 100 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ማየት ይበቃል፦ 03፣ 07፣ 11፣ 15፣ 19፣ 23፣ 27፣ 31 እያለ ይሄዳል። የአስር ቤቱ ተጋማሽ ሲሆን ቀጣዩ አሃዝ 3 ወይም 7 ነው፤ ኢተጋማሽ ሲሆን 1፣ 5 ወይም 9። በ1999 ሞክረው፤ የሚሊኒየሙ ዋዜማ የነበረችው ጳጉሜን 6 ታልፋለች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ይሄ ብቻውን አይበቃም፦ 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፣ 2000 ነበረው፤ ለመቶዎቹ ዓመታት ሌላ ቅርንጫፍ መጨመር ይጠይቃል። የእኛው በየ4 ዓመቱ ሳይዛነፍ ስለሚመጣ ነው አጭር የሆነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ይሄንኑ ፍተሻ ሰርቨሩ ላይም ድገመው። ብሮውዘር ላይ ያለው ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ ጃቫስክሪፕቱን ያጠፋ ሰው ያሻውን ይልካል። ፓይተን ወይም ፒኤችፒ ከሆነ $ በመጨረሻ ላይ ያለን አንድ አዲስ መስመር ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ዳርና ዳሩ ላይ ያለውን ክፍተትና አዲስ መስመር ጥረግ።

ቀኑን ለጃቫስክሪፕት ዴት (ቋንቋው ውስጥ ላለው የቀን መሣሪያ) ሰጥተህ ልታረጋግጥ አትሞክር። ዓመት፣ ወርና ቀኑን በቁጥር ለይተህ ፌብሩዋሪ 30 ብትለው ስህተት አይልህም፤ ወደ ማርች ያሻግርልሃል። የኤችቲኤምኤሉ የቀን ሳጥንም የሚልከው የፈረንጆቹን ቀን ነው። ነፃ ናቸው ተብለው የሚለጠፉት የቀን መምረጫ ፕለጊኖችማ 13ኛ ወር መኖሩን እንኳ የማያውቁ ሞልተዋል። ተራ የጽሑፍ ሳጥን ይሻልሃል።

ሰው ነጥብና ሰረዝም ስለሚጽፍ፣ ከፍተሻው በፊት ሁሉንም ወደ / ቀይር። ሬጌክሱ ውስጥ [/.-] ብለህ በኤችቲኤምኤሉ ፓተርን አትሪቢዩት (ብሮውዘሩ ራሱ ሳጥኑን የሚፈትሽበት ቅንብር) ላይ ካስቀመጥከው አዳዲስ ብሮውዘሮች ስህተት ነው ብለው ሙሉውን ይተዉታል። ፎርሙ ያገኘውን ሁሉ ሲቀበል ካየህ የብሮውዘሩን ኮንሶል (የስህተት መልእክቶች የሚታዩበት መስኮት) ክፈት፤ ማስጠንቀቂያው እዚያ ተጽፏል።

መሞከሪያ፦ 30/02/2016፣ 05/13/2016 እና 06/13/2015 ማለፍ አለባቸው። 31/01/2016፣ 06/13/2016 እና 25/13/2016 መውደቅ አለባቸው። ስድስቱንም በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ልከህም ሞክር፤ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት የክትባት ቀጠሮ የሚቆጠረው እዚያ ከተቀመጠው ልደት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ከጅቡቲ የመጣች እናት የልጇን ቀን ከፓስፖርት አይታ በፈረንጆቹ ልትሞላ ትችላለች፤ 12/05/2017 በሁለቱም አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን ነው፣ የትኛውም ሬጌክስ አይለየውም። ከሳጥኑ አጠገብ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ አስቀምጥ፣ ምርጫውንም ከቀኑ ጋር መዝግበው። እ.ኤ.አ. ለተመረጠ ቀን ይሄ ሬጌክስ አይሆንም፤ የራሱን ፍተሻ ስጠው፣ እሱንም ሰርቨሩ ላይ ድገመው።