ቀለም አይዘልቀውም

ጥያቄ፦ ቤቴ ለገጣፎ ነው። ቅዳሜ ዕለት ቀቢው “ግድግዳው ገና እርጥብ ስለሆነ ቀለም አይይዝም” ብሎኝ ሄደ። ማታ ደግሞ አባቴ የልጄን የፈተና ውጤት አይተው “ይሄ ልጅ ቀለም አይዘልቀውም” አሉ። የግድግዳውና የትምህርቱ ቀለም አንድ ቃል ነው? ከየትስ መጣ?

መልስ፦ አዎ፣ አንድ ነው። ልጁንም አይዞህ ይበሉት፤ ግድግዳውም ቢሆን ሲደርቅ ይይዛል።

የቃሉ ሥር ሩቅ ነው። በግሪክ “ካላሞስ” ማለት ሸምበቆ ነው፤ ከሸምበቆ የሚቀረጸው ብዕርም በዚያው ስም ይጠራል። ዐረቦች ዛሬም “ቀለም” ሲሉ ብዕር ማለታቸው ነው። የስዋሂሊው “ካላሙ”ም እንደዚያው። በግእዝ ግን ትርጉሙ ከብዕሩ ወደሚነከርበት ፈሳሽ ተሻግሯል። በእኔ ግምት፣ ግእዝ ለብዕሩ “ብርዕ” የሚል የራሱ ቃል ስለነበረው ነው። የብርዕ ትርጉም ምን ይመስልዎታል? እሱም ሸምበቆ! እኛ ፊደሉን አዟዙረን “ብዕር” አልነው። እንግዲህ “ብዕርና ቀለም” ስንል፣ ሥሩ ከተቆፈረ፣ “ሸምበቆና ሸምበቆ” እያልን ነው። ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ለብራና ጸሐፊ ቀለም ማለት የሚጽፍበት ነው። ጥቁሩ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ እንደ እመቤታችን ላለ ቅዱስ ስም ይቆጠባል። ማኖሪያው ቀንድ ነበር። ጎበዙን ተማሪ “የቀለም ቀንድ” ስንለው ያ ቀንድ ትዝ ይለኛል። ፊደል የሚማር “ቀለም ቆጠረ” ይባላል፤ መምህሩ “የቀለም አባት” ነው፤ የዛሬ ልጆች ደግሞ አጥኚውን “ቀለሜ” ይሉታል። የአባትዎ ቀለም ከዚህ ወገን ነው።

የግድግዳው፣ የጥፍሩና የከንፈሩ ቀለም ከዚያው ፈሳሽ የሰፋ ነው። ለዓይን መልኩ ግእዝ “ኅብር” የሚል ሌላ ቃል አለው፤ “ኅብረ ቀለም” ውስጥ ቀርቷል። ከእርስዎ ሰፈር ወጣ ብለው በሬ ሲገዙም ብዙ ጊዜ የሚሰሙት “መልኩ ምንድን ነው?” የሚል እንጂ “ቀለሙ” አይደለም።

ሱቅ ሲሄዱ ግን “ማቅለሚያ” አይበሉ፤ ባለሱቁ የምግብ ወይም የጨርቅ ይመስለዋል። “ፕላስቲክ ቀለም” ካሉት ይበቃል።