የግራው ምሰሶ ለምን ይፈተለካል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «በጋለ ሽቦ ፎም የሚቆርጥ ባለ አራት አክሲስ (የእንቅስቃሴ አቅጣጫ) ማሽን ሠርቻለሁ። የቀኙ ምሰሶ በኤክስና በዋይ፣ የግራው በዩና በቪ ይሄዳል። ማሽኑን በኮምፒውተር የማዝበት ፕሮግራም ሊኑክስ ሲኤንሲ ነው። ሁለቱ ጎን እኩል ሲሆን ቆንጆ አድርጎ ይቆርጣል። ቀኙን ጠበብ ሳደርገው ግን ግራው ይፈተለካል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቦታውን ይስታል። ሞተር ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ሞተሩን ተወው፣ ብርህን ያዝ። ነገሩ ያለው ኤፍ ላይ፣ ማለትም በትእዛዙ መስመር ላይ ፍጥነቱን የምትሰጥበት ፊደል ላይ ነው። ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ ከተንቀሳቀሱ ሊኑክስ ሲኤንሲ ፍጥነቱን የሚለካው በእነሱ መንገድ ብቻ ነው። ዩና ቪ እኩል ጀምረው እኩል ይጨርሳሉ እንጂ ሂሳቡ ውስጥ አይገቡም። ኤፍ የእነሱ የሚሆነው ሌሎቹ ቆመው እነሱ ብቻ ሲሄዱ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ኤፍ 300 ሰጥተሃል፤ በደቂቃ 300 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በአንዷ መስመር ላይ ቀኙ 10 ሚሊ፣ ግራው 40 ሚሊ ይሄዳል እንበል። ቀኙ 10ሩን በ2 ሰከንድ ይጨርሳል። ግራውም በዚያችው 2 ሰከንድ 40ውን መጨረስ አለበት። በደቂቃ 1200 ሆነ! ሽቦው በዚህ ፍጥነት ፎሙን ለማቅለጥ ጊዜ አያገኝም፤ ይገፋዋል፣ ራሱም ይጎብጣል።

እኔ የምመክርህ የኤፍን ትርጉም የሚቀይረውን ጂ93 የተባለ ትእዛዝ ነው። እዚያ ኤፍ የሚነግረው ጊዜን ነው፤ መስመሩ የሚያልቀው አንድ ደቂቃ ለኤፍ ሲካፈል በሚገኘው ጊዜ ነው። የምትፈልገውን ፍጥነት ለረጅሙ መንገድ አካፍል፦ 300 ለ40 ሲካፈል 7.5። ኤፍ 7.5 ስትጽፍ መስመሩ 8 ሰከንድ ይፈጃል። ግራው በ300፣ ቀኙ በ75 ይሄዳል። በጂ93 ጊዜ እያንዳንዱ የጂ1 (ቀጥ ብሎ የመቁረጥ ትእዛዝ) መስመር የራሱን ኤፍ ይፈልጋል፤ ከጎደለ ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ይቆማል። ስትጨርስ ወደ ጂ94፣ ኤፍ በደቂቃ የሚለካ ፍጥነት ወደሚሆንበት፣ መልሰው።

ቀኙ ቀስ ስለሚል ሽቦው እዚያ ጋ ብዙ ይቆያል፣ የቆረጠው ክፍተትም ይሰፋል። በቁርጥራጭ ፎም ሞክርና የሁለቱን ጎን ክፍተት ለየብቻ ለካ።

ቦታውን መሳቱ ግን ሌላም ነገር ነገረኝ። የማሽኑ ልኮች የተጻፉበትን የአይኤንአይ ፋይል ክፈት። ለዩና ለቪ የሰጠሃቸው ከፍተኛ ፍጥነት ሞተሩ ከሚችለው በላይ ሳይሆን አይቀርም። ልኩ በትክክል ቢጻፍ ፕሮግራሙ ራሱ እንቅስቃሴውን በሙሉ ያዘገየው ነበር። እዚያ ያለው ቁጥር በሰከንድ ነው፣ ኤፍ ደግሞ በደቂቃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 900 ሚሊ ድረስ ሳይጮህ ከሄደ 15 ብለህ ጻፍ።

ኤ እና ቢ ብለህ ሳትሰይማቸው ዩና ቪ ማለትህ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ኤ እና ቢ የሚዞሩ አክሲሶች ናቸው፣ በዲግሪ ይቆጠራሉ፤ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ምሰሶ አይሆኑም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ምሰሶዎቹ በ1000 ሚሊ ተራርቀው አንዱ ሌላውን በ500 ከቀደመው፣ በመሃላቸው የሚያስፈልገው ሽቦ 1118 ሚሊ ይሆናል። ሽቦውን የሚወጥረው ስፕሪንግህ 12 ሴንቲ ያህል መለጠጥ ይችላል? ሽቦው ሳይግል፣ ምሰሶዎቹን ቀስ እያልክ አራርቀህ እየው።