በክረምት በገና ለሚጀምሩ ጎልማሶች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከአርባ ያለፈ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በሐምሌና በነሐሴ ለአዋቂዎች በሚሰጥ የበገና ሥልጠና ልመዘገብ አስቤያለሁ፤ ዳሩ ግን የዜማ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ሁለት ወር ይበቃኛልን? በገናስ አስቀድሜ ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለት ወር በገና ደርዳሪ ባያደርግዎትም፣ አያያዙን፣ የጣቶችን ምደባና አንድ ሁለት አጫጭር መዝሙሮችን ለመያዝ ይበቃል። በገና አሥር አውታር ቢኖረውም በተለመደው አደራደር የሚደረደሩት አምስቱ ወይም ስድስቱ ሲሆኑ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ የጣት ማረፊያ ናቸውና ቁጥሩ አያስፈራዎ። ጀማሪን ይበልጥ የሚፈትነው በግራ እጅ እየደረደሩ በዝግታ ማዜም ነው፤ ስለዚህ ጣቶችዎ አውታሩን ሳያዩ እስኪለዩ ድረስ ዜማውን ለብቻው በቃልዎ ያጥኑ።

ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። ከበግ አንጀት የሚሠራው አውታር በክረምት እርጥበት ቅኝቱ ቶሎ ይዛባል፤ በአውታሩና አውታሮቹን ከታች በሚደግፈው እንጨት (በብርኩማው) መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ጥቂት ከተንሸራተተች ደግሞ ያ የሚታወቀው ነዛሪ ድምፅ ይጠፋል። ጆሮዎ ይህን ሳይለይ የገዙት በገና ጥሩም ቢሆን የተበላሸ ይመስልዎታል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሥልጠናው በገና ይለማመዱ፤ ሲገዙም መምህርዎ ቃኝተው ይሞክሩልዎ። ከመመዝገብዎ በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ በገና መኖሩን ይጠይቁ፤ አንዱን በገና ለብዙዎች በሚያዳርስ ክፍል ውስጥ ሰዓቱ ወረፋ በመጠበቅ ያልቃል።