የፓይለት መነጽር፦ ከዓይን በፊት ጆሮን ጠይቁ

ሰላም ናችሁ? በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ስለሚደረግ የፀሐይ መነጽር። ከበረራ ተማሪ እስከ ካፒቴን ጠይቃችኋል። አንዷ ጠያቂያችን ጭራሽ አብራሪ አይደለችም፣ የእሷን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርገን፣ የረዘሙትንም ቆረጥ ቆረጥ አድርገን እነሆ።

ጥያቄ፦ የበረራ ተማሪ ነኝ። መነጽሬን ምድር ላይ ቀኑን ሙሉ ባደርገው ምንም አይለኝም። ሄድሴት (ለሬዲዮ ንግግር ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ) ስደርብበት ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከጆሮዬ በላይ ያለው አጥንት ይጠዘጥዘኛል፣ ከዚያ ራስ ምታት ይከተላል። አስተማሪዬ ‹‹ትለምደዋለህ›› ነው የሚለኝ። እውነት ይለመዳል?
— ራሱን የያዘው ተማሪ

መልስ፦ አይለመድም ወንድሜ። ቢለመድም ጥሩ አይደለም፣ ምክንያቱም ራስ ምታት የያዘው ሰው ሐሳቡ ግማሹ እዚያው ራሱ ላይ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄድሴት ድምፅ የሚከለክለው ጆሮህን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ በመያዝ ነው። አሁን በሄድሴቱ የጆሮ ትራስና በራስ ቅልህ መሃል የመነጽርህ ዘንግ፣ ማለትም ጆሮ ላይ የሚያርፈው እጀታው፣ ገብቷል። ዘንጉ ወፍራም ከሆነ፣ በሰፊው መከፋፈል የነበረበት ግፊት በሙሉ አንዲት መስመር ላይ ያርፋል። የሚጠዘጥዝህ እሱ ነው። በዚያ ላይ ትራሱ ከቆዳህ ጋር በደንብ ስለማይገጥም በክፍተቱ የሞተር ድምፅ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋ ውድ ሄድሴት እንኳ በዚህ ይሸነፋል። ማረጋገጥ ከፈለግህ አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ አስተማሪህ አጠገብህ እያለ፣ ሄድሴቱን ሳታወልቅ መነጽሩን ብቻ ቀስ አድርገህ አውጣ። ድምፁ ወዲያው ቀነስ ካለ ጥፋተኛውን አገኘኸው።

ስለዚህ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ሌንሱን ሳይሆን ዘንጉን ነው። ቀጭን፣ ጠፍጣፋ ብረት ይሁን፤ ቲታኒየም ከሆነ ደግሞ ቀላልም ነው፣ አይዝግምም። ከተቻለ ጫፉ ከጆሮ ጀርባ የማይቆለመም፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ፈልግ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች የተሠራው መነጽር ዘንጉ ቀጥ ያለው ለማማር አይደለም፤ ሄልሜት ወይም ሄድሴት ሳይወልቅ ከፊት ገፋ ሲያደርጉት እንዲገባ፣ ሳብ ሲያደርጉት እንዲወጣ ነው። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ቀጥ ያለ ዘንግ ግን አንድ ጠባይ አለው። ጆሮን ስለማይቆነጥጥ አፍንጫ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ ካርታ ለማየት ጎንበስ ባልክ ቁጥር፣ ላብ ሲኖር ደግሞ ይብሱን፣ እየተንሸራተተ ያስቸግርሃል። ስለዚህ አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ መደገፊያዎች ሲሊኮን ይሁኑ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚስተካከሉም ይሁኑ።

መነጽር ቤት ስትሄድ ሄድሴትህን ይዘህ ሂድ። ሁለቱንም አድርገህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ። ሻጩ ሊስቅብህ ይችላል፣ ይሳቅ።

ጥያቄ፦ የግል አብራሪ ነኝ። ጓደኞቼ መክረውኝ ፖላራይዝድ መነጽር ገዛሁ። መኪና ስነዳ ከሱ የሚስተካከል የለም። በረራ ላይ ግን አንገቴን ዘንበል ሳደርግ አንዱ ስክሪን ይጠቁርብኛል፣ የፊት መስታወቱ ላይም ቀስተ ደመና የመሰለ ዝንጉርጉር ነገር አያለሁ። መነጽሩ ተበላሽቶ ነው?
— ግራ የገባት

መልስ፦ መነጽርሽ አልተበላሸም እህቴ። እንደውም በትክክል እየሠራ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው።

ከውሃና ከአስፋልት ላይ ተንጸባርቆ ዓይን የሚወጋው ብርሃን በአብዛኛው አግድም ይርገበገባል። ፖላራይዝድ ሌንስ ይህን አግድም ብርሃን ያስቀርና ቀጥ ብሎ የሚርገበገበውን ያሳልፋል። ለሾፌርና ለዓሣ አጥማጅ ግሩም ነው። ኮክፒት ውስጥ ያሉት ስክሪኖች ግን የሚያወጡት ብርሃን ራሱ አስቀድሞ በአንድ አቅጣጫ የተጣራ ነው። የስክሪኑ አቅጣጫና የመነጽርሽ አቅጣጫ ሲጋጩ ብርሃኑ አያልፍም፣ ስክሪኑ ጠፋ ማለት ነው። አንገትሽ ቀጥ ሲል ደህና የሚመስለው፣ ወደ ጎን ዘንበል ስትዪ ወይም የወደቀ እስክሪብቶ ለማንሳት ጎንበስ ስትዪ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ታብሌትሽም ላይ ያው ነው።

የፊት መስታወቱ ላይ የምታዪው ዝንጉርጉርም ከዚሁ የመጣ ነው። መስታወቱ ብዙ ጊዜ የተነባበረ ነው፣ ሲሠራም ውስጡ ውጥረት ይቀርበታል። ባዶ ዓይን ያንን አያይም። ፖላራይዝድ ሌንስ ግን በቀለም አድርጎ ያወጣዋል።

እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ዓይንሽ ላይ ስለሚመጡ ታውቂያቸዋለሽ። ሦስተኛውን ግን አታውቂውም፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሰማይ ላይ ሌላ አውሮፕላን መኖሩን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነግረን ቅርጹ አይደለም፤ ከክንፉ ወይም ከመስታወቱ ላይ ብልጭ የሚል ፀሐይ ነው። ፖላራይዝድ መነጽር የተሠራው እንዲህ ያለውን ብልጭታ ለማጥፋት ነው። ያላየሽውን ነገር አላየሁም ብለሽ ልታዝኚ አትችዪም፣ መሸሻ ሰከንዶችሽ ግን ሄደዋል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ባዘጋጀው ምክር ላይ ፖላራይዝድ ሌንስ ለበረራ አይመከርም የሚለው በነዚሁ በሦስቱ ምክንያቶች ነው።

መነጽሩን መጣል አያስፈልግሽም። መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ለበረራ ሌላ ስትገዢ ደግሞ የሻጩን ቃል ብቻ አትመኚ፤ የስልክሽን ስክሪን አብሪና በሌንሱ ውስጥ እያየሽ መነጽሩን እንደ መሪ ዙሪያውን አዙሪው። በሆነ ማዕዘን ላይ ስክሪኑ ከጠቆረ ፖላራይዝድ ነው፣ መልሺው።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር፣ ጥላ ስገባ የሚነጣ መነጽር አለኝ። ሁለት መነጽር ከመሸከም ይገላግለኛል ብዬ ነበር። ለምንድን ነው በረራ ላይ የማይጠቁረው?
— ሰነፉ ረዳት አብራሪ

መልስ፦ ሌንሱ የሚጠብቀው የምታየውን ብርሃን አይደለም፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ነው። የአውሮፕላኑ መስታወት ደግሞ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ውጭ ያስቀረዋል። ስለዚህ ፀሐይ ፊትህ ላይ ተገትራ መነጽርህ ምሽት የሆነ ይመስለዋል። በሚታየው ብርሃንም የሚጠቁሩ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱ ግን ሲነጡ ቀስ ብለው ነው። ከጠራ ሰማይ ደመና ውስጥ ስትገባ የሚለወጠው በሰከንድ ነው፣ ሌንስህ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ሁለት መነጽር ተሸከም።

ጥያቄ፦ ሌንሱ በጠቆረ ቁጥር ዓይን ይበልጥ ይጠበቃል አይደል? ቀለሙስ ለውጥ አለው? ቢጫው ያምረኛል፣ ሁሉን ነገር ጥርት ያደርገዋል።
— ከሦስት አንባቢዎች የመጣ

መልስ፦ ጥቁረትና ጥበቃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልትራቫዮሌትን የሚከላከለው ሌንሱ የተሠራበት ነገር ወይም የተቀባው ቅብ እንጂ ጥቁረቱ አይደለም። እንደውም ጠቁሮ መከላከያ የሌለው መነጽር ይብሳል፣ በጥላው ምክንያት የዓይን ብሌን ይሰፋና ጨረሩ በሰፊው በር ይገባል። እስከ 400 ናኖሜትር (የጨረር ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ይከላከላል የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መስታወቱ ብዙውን ይይዝላችኋል፣ ግን ሁሉም መስታወት እኩል ስላልሆነ ለሱ ብቻ አትተዉት።

ስለ ጥቁረቱ፦ የፀሐይ መነጽሮች ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ደረጃ 3 ከሚመጣው ብርሃን ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል፤ ደረጃ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ። ለአብራሪ የሚመከረው 15 በመቶ ገደማ የሚያሳልፍ ነው፣ ማለትም ደረጃ 3 ውስጥ ፈካ ያለው። ደረጃ 4 ለበረዶ ተራራ ነው፣ መኪና እንኳ አይነዳበትም።

ለምን ከዚያ በላይ አይጠቁርም? የአብራሪ ዓይን የሚኖረው በሁለት ዓለም ውስጥ ስለሆነ ነው። ውጭው ያንጸባርቃል፣ ውስጡ ጥላ ነው፣ ዓይናችሁ ደግሞ በየሰከንዱ እዚያና እዚህ ይመላለሳል። ለውጭው ብላችሁ በጣም ካጠቆራችሁ ውስጡን ለማንበብ መነጽር ማንሳትና መመለስ ሥራ ይሆንባችኋል። ለዚህ ነው ከላይ ጠቆር፣ ወደ ታች እየፈካ የሚሄደውን ሌንስ ብዙዎች የሚወዱት። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ከደመና በላይ ረጅም ሰዓት ለሚበር ሰው ሁልጊዜ አይሆንም። ነጭ ደመና ከሥር ሲነጠፍ ብርሃኑ የሚመጣው ከታች ነው፣ የሌንሱ ፈካ ያለው ወገን ደግሞ እዚያው ነው ያለው። ዝቅ ብላችሁ ለምትበሩ ይመቻል። ከፍ ለምትሉት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነው ይሻላል።

ቀለም ላይ አልደራደርም። ግራጫ ይሁን፣ ምክንያቱም ቀለምን ሁሉ እኩል ስለሚቀንስ ቀይ ቀይ፣ ነጭም ነጭ ሆኖ ይቀራል። አረንጓዴ ያዘለ ግራጫና ቡናማም ደህና ናቸው፤ ቡናማው ጭጋግ ሲኖር ልዩነትን ጎላ ያደርጋል። ቢጫው ጥርት ያደርጋል የምትሉት ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ነው፣ በዚያው ግን ቀለማትን ያዛባል። ማኮብኮቢያው ጎን ያሉት የማረፊያ መብራቶች ከፍታችሁን የሚነግሯችሁ በቀይና በነጭ ነው። እነሱን ባዛባ መነጽር ማረፍ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ብዙ ዓመት የበረርኩ ካፒቴን ነኝ። አሁን የቅርቡን ለማንበብ ፕሮግረሲቭ መነጽር (ሌንሱ ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሆነ) ታዞልኛል። በዚያው ፓወር የፀሐይ መነጽር ላሠራ ነው። ከጭንቅላቴ በላይ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ለማየት ግን አንገቴን ወደ ኋላ መስበር ሆነብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
— ሽማግሌው

መልስ፦ ጋሼ፣ ፕሮግረሲቭ ሌንስ የተሠራው መጽሐፍ ከደረት በታች ይዞ ለሚያነብ ሰው ነው። የቅርቡ ፓወር ሌንሱ ግርጌ ላይ ነው ያለው። እርስዎ ደግሞ የሚያነቡት ከፊትዎም፣ ከአናትዎም በላይ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ ‹‹ፓይለት ነኝ›› ብቻ ብለው አይለፉት። ወንበርዎን እንደሚበሩበት አስተካክለው ይቀመጡ፣ ሜትር ይያዙና ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ፣ ከዓይንዎ እስከ ላይኛው ፓነል፣ ከዓይንዎ እስከ ታብሌቱ ያለውን ርቀት ለክተው ጽፈው ይውሰዱለት። ከላይም ከታችም የቅርብ ፓወር ያለው ሌንስ አለ፤ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው፣ መኖሩን ይጠይቁ።

በመነጽርዎ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ጥቁር ሌንስ ግን አልመክርዎትም። አፍንጫ ላይ ይከብዳል፣ ነጸብራቅም ይጨምራል። ሌንሱ ከመስታወት ቢሆን በቀላሉ አይጫጫርም፣ ጥራቱም ግሩም ነው፤ ክብደቱ ግን ረጅም በረራ ላይ ይሰማል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ቀላልና እንደ መስታወት የማይሰበር ነው፣ በቀላሉ ይጫጫራል እንጂ።

በሕክምና ፈቃድዎ ላይ መነጽር የሚል ገደብ ካለ ተለዋጭ መነጽር እጅዎ የሚደርስበት ቦታ መኖሩ ግዴታ መሆኑን ከኔ በላይ ያውቁታል። ተለዋጩ ነጭ ሌንስ ይሁን። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፓወሩ ጋር ጨለማውንም አብረው ተሸክመው እንዳይቀሩ። ደግሞ ማታ በረራ ሲኖርዎት ቀን ቀን ፀሐይ ላይ መነጽርዎን አይርሱ፤ በጠራራ የዋለ ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከወትሮው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፓይለት ነው፣ ልደቱ ደርሷል። ያንን የታወቀውን፣ ሌንሱ እንባ የመሰለውን የፓይለት መነጽር ልገዛለት አስቤአለሁ። ሰርፕራይዝ ስለሆነ ልጠይቀው አልችልም። ምን ልጠንቀቅ?
— ምስጢር የያዘች

መልስ፦ ቅርጹ መጥፎ ምርጫ አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ባውሽ ኤንድ ሎም የተባለው ኩባንያ ለአብራሪዎች ያወጣው ነው፣ ሬይባን ተብሎ ገበያ የገባውም ያኔ ነው። ሌንሱ ወደ ታች የወረደው አብራሪው መሣሪያዎቹን ቁልቁል ሲያይም ዓይኑ እንዲሸፈን ነው። ዛሬ ግን በዚያ ቅርጽ የሚሸጠው ሁሉ ለበረራ የታሰበ አይደለም። ብዙው ለመንገድ ነው፣ ፖላራይዝድ የሆነውም ሞልቷል። የስልኩን ሙከራ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አድርጊው።

ልኩን ደግሞ ሳትጠይቂው ማወቅ ትችያለሽ። ሲተኛ የድሮ መነጽሩን አንሺና የዘንጉን ውስጠኛ ገጽ እዪ። 55፣ 18፣ 140 የሚመስሉ ሦስት ቁጥሮች ታገኛለሽ። የሌንሱ ስፋት፣ የአፍንጫው መሃል እና የዘንጉ ርዝመት ናቸው፣ ሁሉም በሚሊሜትር። ፎቶ አንሺያቸው። ሌንሱ በጣም ትልቅ ሆኖ ጉንጩ ላይ ከደረሰ የኦክስጅን ጭምብል ሲያደርግ ይጋጭበታል፣ ስለዚህ ከድሮው ብዙ አትራቂ። ደረሰኙንም አትጣዪ፤ ከሄድሴቱ ጋር ሞክሮት ካልተመቸው ይቀይረዋል።